የአንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ እንደ ጠመኔ ይቆጠርልን

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የንባብ መጽሐፍ ወደ ቤታቸው ይዘው እንዲሄዱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ 14ቱን ያሳለፍኩት አንደኛ ክፍል ነው። ብዙ ባልደረቦቼ ልምድ ሲያገኙ ወደ ላይኛው ክፍል መዛወር ይፈልጋሉ። እኔ ግን ወድጄው ቆየሁ፤ መስከረም ላይ ስሙን መጻፍ የማይችል ልጅ ሰኔ ላይ ታሪክ አንብቦ ሲስቅ ማየትን የሚያህል ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ አላገኘሁም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በቅርብ የሚያስተዳድሩት የክልልና የከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። ለእርስዎ የጻፍኩት ሥርዓተ ትምህርቱም ሆነ የትምህርት ቤት ደረጃው ከእናንተ ስለሚወርድ ነው። በግልጽ ደብዳቤ የጻፍኩት ደግሞ ጉዳዩ የእኔ ትምህርት ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። በክረምት ሥልጠና ላይ ከየአቅጣጫው የመጡ መምህራንን ጠይቄያለሁ፤ የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነው። መጽሐፍ አለ፣ መጽሐፉ ያለበት ቁም ሳጥን አለ፣ ቁም ሳጥኑ ደግሞ ይቆለፋል።

የምጠይቀውን ከላይ አስቀምጫለሁ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ክፍሌን ላሳይዎት ይገባል።

ጠዋት ልጆቹ ቁርሳቸውን በልተው ይሰለፋሉ። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ያዘጋጁትን ያነባሉ። ከዚያ 54 ልጆች አስከትዬ ክፍል እገባለሁ። ደረጃው ለአንድ ክፍል 50 ነው የሚለው፤ በአራቱ አላማርርም፣ ከዚህ የባሰ አሳልፌያለሁ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ስም ይጠራል፣ እርሳስ የጠፋበት እርሳስ ይፈለግለታል፣ የጫማው ማሰሪያ የተፈታ ይታሰርለታል። ትምህርት የሚጀመረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ፊደል ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ገበታ በዘንግ እየነካሁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቀበለኛል። ሲያምር! ኮሪደር ላይ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ ያዳምጣል። ሱፐርቫይዘር በዚያ ሰዓት ቢገባ «ጎበዞች ናቸው» ብሎ ቅጹን ሞልቶ ይወጣል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፊደል ያወቁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ ወደ ሰሌዳው ጠራሁና «ሜ»ን ለብቻዋ ጽፌ «ይቺ ማን ናት?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ገበታ ዞረ። ቅርጹን ፈልጋ አገኘችው። ከመስመሩ መጀመሪያ ተነስታ፣ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ በጣቷ እየቆጠረች፣ በሹክሹክታ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ» እያለች መጣችና «ሜ!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ አጨበጨበላት፤ እኔም አጨበጨብኩ። በማግስቱ ገበታውን ከግድግዳው አውርጄ ፊደላትን እያዘባረቅሁ ብጠይቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዝም አሉ። ፊደሉን ጆሯቸው እንጂ ዓይናቸው አያውቀውም ነበር።

የጥንት የኔታዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ሀሁን በተራ ያዘለቀ ተማሪ በተራ ስለቻለው ብቻ አይለቁትም፤ አቡጊዳ ያስቆጥሩታል። አቡጊዳ ያንኑ ፊደል በሌላ ተራ የሚያመጣ ነውና ልጁ በዜማ መደገፉን ትቶ እያንዳንዷን ፊደል ፊት ለፊት እንዲያያት ያስገድደዋል። ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ዳዊት ያልፋል። ዳዊት ላይ የደረሰ ልጅ መጽሐፉን በማኅደር አንግቶ ሲሄድ ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ወደዚያ ሥርዓት እንመለስ እያልኩ አይደለም። ሁለት ነገር ግን ልብ ብለውት ነበር፦ በተራ መሸምደድ ማንበብ እንዳልሆነ፣ የሚማር ልጅም እጁ ላይ መጽሐፍ እንደሚያስፈልገው።

የእኛ ፊደል 33 ሲሆን እያንዳንዱ በሰባት ይረባል፤ 231 ቅርጽ ማለት ነው። ካዕቡና ሣልሱ በአብዛኛው ደንብ አላቸው፤ ሳድሱ ግን በየፊደሉ መልኩን ይቀያይራል፤ «ል»፣ «ም»፣ «ር»፣ «ን» በምን ይመሳሰላሉ? ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። አጻጻፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» የሚለውን ሲያይ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚነግረው ፊደሉ ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩ ነው። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነኝ» የሚለው እንዲሁ። እኔና እርስዎ ይህን ሳናስበው እናልፈዋለን፤ ብዙ ስላነበብን ነው። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅም እንዲሁ ሳያስበው እንዲያልፍ ብዙ ማንበብ አለበት። የተለያየ ጽሑፍ፣ በየቀኑ፣ ጮክ ብሎ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ።

ያለው ግን አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ሲኖር ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር እኛ ዘንድ መጽሐፉ እስኪደርስ በስልክ የተላከልንን ፒዲኤፍ ወላጆች ኮፒ ቤት እየወሰዱ ያሳትሙት ነበር። አቅም የሌላቸው ልጆች ከጎናቸው ካለው ልጅ ወረቀት ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። ያ ጊዜ አልፏል። አሁን መጽሐፉ አለ፣ ግን አንድ ነው፤ ምንባቦቹን ክፍሉ ሁሉ ስለሚደጋግማቸው ልጆቹ በቃላቸው ይይዟቸዋል። ገጹን ከፍቶ ያለአንዳች ስህተት የሚያነብልኝ ልጅ ነበረኝ። አንድ ቀን እያነበበ ሳለ ጣቱን ተከተልኩት። አፉ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር።

አሁን ስለ ቁም ሳጥኑ ልንገርዎት።

ቤተ መጻሕፍታችን አንድ ክፍል ነው። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ዙሪያውን መደርደሪያ፣ ጥጉ ላይ የብረት ቁም ሳጥን። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ለጀማሪ አንባቢ የተዘጋጁ ቀጫጭን የተረት መጻሕፍት አሉ፤ በየገጹ አንድ ሥዕልና ከሥሩ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ያላቸው። በእርዳታ የመጡ ናቸው። ከፊሎቹ የታሸጉበት ላስቲክ እንኳን አልተቀደደም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍቶ ያየሁ ቀን የአዲስ መጽሐፍ ሽታው ፊቴ ላይ መጣ፤ ዓመታት ቆይተው ሽታቸው አልለቀቀም ነበር። አንድ ልጅ አገላብጧቸው ቢሆን ኖሮ ይለቅ ነበር።

የንብረት ክፍል ሠራተኛችን ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹ ኳሳቸውን ጣሪያ ላይ ሲሰዱት መሰላል ተሸክሞ ወጥቶ የሚያወርድላቸው እሱ ነው። መጻሕፍቱ ግን በስሙ ገቢ የሆኑ ቋሚ ንብረት ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ አለ፣ ኦዲት አለ፤ 200 የተረከበ 200 ማሳየት አለበት፣ የጎደለውን ይተካል። «ቲቸር፣ እርስዎ ቢሆኑ ይከፍቱት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ልቤ ቢያዝንም «አዎ» ልለው አልቻልኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት ርዕሰ መምህሩን ለምኜ 60 መጽሐፍ በራሴ ስም ፈርሜ ወሰድኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። አርብ ከሰዓት እያንዳንዱ ልጅ አንድ መጽሐፍ መርጦ ወደ ቤቱ ይወስዳል፣ ሰኞ ጠዋት ይመልሳል። መጻሕፍቱን በካርቶን አድርጌ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። አንድ ደብተር አሰመርኩ፤ መጽሐፍ የሚወስድ ልጅ ስሙን ራሱ ይጽፋል፤ ስሙን መጻፍ ያቃተው አርብ እስኪደርስ ይለማመዳል።

የመጀመሪያውን አርብ አልረሳውም። መጽሐፉን የሰጠሁት ልጅ ተቀብሎኝ አልሄደም፤ እዚያው ቆሞ ቀና ብሎ ያየኛል።

«ቲቸር፣ ቤት ድረስ?»

«አዎ፣ ቤት ድረስ።»

«ከእኔ ጋር ያድራል?»

«ያድራል።»

መጽሐፉን ከሹራቡ ሥር ከተተና ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ወጣ። በዚያ ቀን ከክፍሌ ሮጦ የወጣ ልጅ አልነበረም። ሌላ ጊዜ አርብ ከሰዓት በር ላይ መጋፋቱን ማስቆም አይቻልም፤ ያን ቀን ሁሉም አንዳች የሚሰበር ነገር የያዘ ይመስል ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በእኔ ዕቅድ የመጣ አይደለም። ሰኞ ሰኞ ልጆቹ ያነበቡትን ለጓደኞቻቸው ካልነገሩ ትምህርት አንጀምርም ይሉኝ ጀመር። ስለዚህ የሰኞን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ለዚያ ተውኩት። ከምሳ በኋላ ደግሞ የአራተኛ ክፍል ልጆች ወደ እኛ ክፍል መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ታናናሾቻቸውን ሊያዩ ነበር፤ ቆይተው ግን በረንዳው ላይ ሦስት ሦስት እየሆኑ ሲያነቡላቸው አገኘኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ በራሱ ክፍል ውስጥ በንባብ ደካማ የሚባል ልጅ ነበር። እዚህ ግን ጎበዝ ነው፤ የሚያነበው ለስድስትና ሰባት ዓመት ልጆች፣ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነዋ! ማንም ሳያፍርበት ከመሠረቱ ጀመረ። የአማርኛ መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ልጅ ምን አደረጋችሁት?» ብለው ጠየቁኝ።

ወላጆችም መጡ። በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የአጥር፣ የመጸዳጃ ቤትና የመዋጮ ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት ግን አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ስለ ተረት መጽሐፍ ተናገሩ። ጉሊት የሚነግዱ ሴት ናቸው። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ። «ግን ልጄ ስታነብልኝ ስትሳሳት አውቅባታለሁ። ትንፋሿ ይቆማል። እንደገና በይው እላታለሁ፣ እንደገና ትለዋለች፣ ያኔ ይፈሳል።» ክቡር ሚኒስትር፣ ስለ አቀላጥፎ ማንበብ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አስተውሎ የነገረኝ ሰው ግን የለም። ያልተማረ ወላጅ ልጁን በትምህርት ሊያግዝ አይችልም የሚለውን ከዚያ ቀን በኋላ ሰምቼ ዝም ማለት ትቻለሁ። እኚህ እናት የጎደላቸው መጽሐፉ ብቻ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ገበታውን እንደገና አወረድኩ። ፊደላቱን አዘባርቄ፣ ቃላቱንም ከመማሪያ መጽሐፉ ውጪ መርጬ ጠየቅሁ። ዝም ያሉትን በአንድ እጄ ጣቶች ቆጠርኳቸው። በዚያው ወር ከክፍሌ አንዲት ልጅ በጠዋት ሰልፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ አነበበች። ማይኩን የምታክል ልጅ ናት፤ ወንበር ላይ አቁመናት ነበር። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ጸጥ ብሎ አዳመጣት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ከወንበሩ አልወርድም አለች፤ ሁለተኛ ገጽ ነበራት።

ሰኔ ላይ ቆጠራ መጣ። ከ60ው ሰባቱ የሉም።

ሁለቱ መጻሕፍት፣ የወሰዷቸው ልጆች ቤተሰብ በዓመቱ መካከል ቤት ለቆ ወደ ሌላ አካባቢ ስለሄደ አልተመለሱም። አንዱን ዝናብ አበላሽቶታል። የቀሩት አራቱ የት እንደገቡ አላወቅሁም። በስሜ ስለተመዘገቡ እንድተካ ተጠየቅሁ፤ የአንዱ ዋጋ ተተምኖ የሰባቱን ከፈልኩ። ገንዘቡን መክፈሌ ያን ያህል አልከበደኝም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በማኅደሬ ውስጥ መቀመጡ ግን አመመኝ፤ «የመንግሥትን ንብረት በአግባቡ ባለመያዝ» ይላል። መጽሐፍ ያልመለሱ ልጆች ደግሞ ካርዳቸው ተያዘ። ደንቡ ነው ተባለ። የሰባት ዓመት ልጅ በወላጆች ቀን ጓደኞቹ ካርዳቸውን ይዘው ሲሮጡ ባዶ እጁን አጥር ተደግፎ ሲቆም አየሁ፤ ያን ልጅ መጽሐፍ እንዲወስድ ያበረታታሁት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው መስከረም 53ቱን መጻሕፍት ለንብረት ክፍል መለስኩ። ፈራሁ። ይህን ስጽፍልዎት ሐፍረት እየተሰማኝ ነው። አዲስ የገቡት ልጆች የአርብ መጽሐፍ የሚባል ነገር መኖሩን ስለማያውቁ አልጠየቁኝም። ሁለተኛ ክፍል የገቡት ግን ለሳምንታት እየመጡ «ቲቸር፣ ካርቶኑስ?» ይሉኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ አንዲት እናት ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። በር ላይ ብዙ ቆመው እንደነበር ዘበኛው ነገረኝ። ከነጠላቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ፤ ከጠፉት ሰባት አንዱ ነበር። ሽፋኑን በአሮጌ ካላንደር ወረቀት ለብጠውታል። አንድ ገጽ ላይ ወጥ ፈስሶበት ቢጫ ሆኗል። «ያስከፍሉኛል ብዬ ነው ያልመለስኩት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አሉኝ። መጽሐፉን ከፈትኩት። የእያንዳንዱ ገጽ የታችኛው ጥግ ከመገለጥ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጡት ጓደኞቹ ዛሬም ገጻቸው እርስ በርስ እንደተጣበቀ ነው። በቆጠራ ሰነዱ ላይ ግን እነሱ «በመልካም ሁኔታ ላይ የሚገኙ» ሲባሉ ይሄኛው «የጠፋ» ነው።

ይህ የአንድ ክፍል ታሪክ ነው ሊባል ይችላል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከእነዚያ ልጆች ሁለት ዓመት ዘግይተው ሁለተኛ ክፍል የተቀመጡት ናቸው በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የደረሱት። በዚያ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ብሎ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ደርሷል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መሰጠቱና ኩረጃው መቆሙ እውነተኛውን መልካችንን አሳየን፤ ለዚህ መሥሪያ ቤትዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት አለ፤ ሁሉንም በአንደኛ ክፍል ላይ አልጭንም። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ ለመረዳት የተቸገረ ልጅ ፊዚክስ ላይ ወደቀ ሲባል የወደቀበት ቀን የቱ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እኔ ክፍል እያለ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን መመገብ፣ ዩኒፎርምና ደብተርም መስጠት ሲጀምር እዚሁ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በረሃብ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁ ልጆች ተሸክሜያለሁ፤ ስለዚህ ምን እንደተለወጠ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። አሁን ልብ ይበሉልኝ። ለልጁ የተሰጠውን ዳቦ ሰኔ ላይ መልስ የሚለው የለም። ደብተሩ ሲያልቅ አለቀ ነው። ጠመኔ ከንብረት ክፍል በካርቶን አወጣለሁ፤ ሲያልቅ ባዶ እጄን ብመለስ «ሠራችበት» እባላለሁ እንጂ አልከሰስም፤ ምክንያቱም አላቂ ዕቃ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የሚያነበው ቀጭን የተረት መጽሐፍም ከጠመኔ ወገን ነው። ሥራውን ከሠራ ያልቃል። አራት ክረምት አልፎበት እንደ አዲስ የተቀመጠ ከሆነ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የተዘጋጁ አጋዥ የንባብ መጻሕፍት ከቋሚ ንብረት መዝገብ ወጥተው በአላቂ ዕቃነት እንዲያዙ፣ የንብረት አስተዳደሩን ከሚመለከተው ከገንዘብ ሚኒስቴርና ከየትምህርት ቢሮዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ አጭር መመሪያ አውጡልን። መመሪያው በዓመት ከአምስት መጽሐፍ አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ መምህሩም፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛውም፣ ወላጁም አይጠየቅም ይበል። በጠፋ የተረት መጽሐፍ ምክንያት የማንም ልጅ ካርድ አይያዝ። ስለ መማሪያ መጽሐፉ አላወራሁም፤ እሱ ለሚቀጥለው ዓመት ልጅ መተላለፍ አለበትና ደንቡ ይቆይ።

ከዚሁ ጋር አንዲት መስመር እንድትቀየርልን እለምናለሁ። ለቁጥጥር ወደ እኛ የሚመጡት ቅጾች «ቤተ መጻሕፍት አለ?»፣ «ስንት መጽሐፍ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቁም ሳጥኑን ቆልፎ ያስቀመጠ ትምህርት ቤት በዚህ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። «ባለፈው ወር ስንት መጽሐፍ ወደ ልጆች ቤት ሄደ?» ተብሎ ቢጠየቅ ርዕሰ መምህራን ራሳቸው ቁልፉን ይዘው ወደ እኔ ይመጡ ነበር።

የሚነሳውን ስጋት አውቀዋለሁ፤ ባልደረቦቼም ነግረውኛል። አላቂ ነው ከተባለ መጽሐፉ ገበያ ይወጣል፣ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል ይላሉ። ጥቂቱ ይሆን ይሆናል። በየገጹ የትምህርት ቤቱን ማኅተም መምታት ይቻላል፤ የመውሰጃ ደብተሩንም ልጆቹ ራሳቸው በደንብ እንደሚይዙት አይቻለሁ። የወላጅ ኮሚቴውም ቢሆን አደራውን ከሰጣችሁት ይጠብቃል፤ የእኛዎቹ ካርቶኑን በእንጨት መደርደሪያ ሊቀይሩልኝ እንጨቱን ሁሉ አዋጥተው ነበር። ደግሞስ አሁን ባለው አያያዝ መጽሐፉን ከማን ነው የጠበቅነው? ከሌባ ነው እንዳልል፣ ከልጁ ነው የጠበቅነው።

ገንዘቡስ የሚል ካለ፣ አዲስ ግዢ አልጠየቅሁም። «ትምህርት ለትውልድ» በሚለው ንቅናቄ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች ግንባታና እድሳት ምን ያህል እንዳዋጣ በዓይናችን አይተናል፤ የእኛም ግቢ ቀለም ተቀብቷል፣ የመማሪያ ክፍሎች ታድሰዋል። መጻሕፍቱ ሲያልቁ የሚተካ ወላጅና የቀድሞ ተማሪ አይጠፋም ብዬ አምናለሁ፤ ብቻ የሰጡት መጽሐፍ ተነቦ ማለቁን ይወቁ። ለአሁን ግን በየትምህርት ቤቱ ተቆልፎበት ያለው ይበቃናል።

ክቡር ሚኒስትር፣ በዚህ ደብዳቤ ላይ የትምህርት ቤቴን ስም ያልጠቀስኩት ባልደረቦቼን ተጠያቂ ማድረግ ስላልፈለግሁ ነው፤ ሁሉም የተጻፈለትን ደንብ ነው ያከበረው። መልስ የሚሰጠን ክፍል የትኛው እንደሆነ በይፋ ቢነገረን እኔና እንደ እኔ ያሉ የመጀመሪያ ክፍል መምህራን የሞከርነውን፣ የተሳካውንና ያልተሳካውን ጽፈን ለማቅረብ ዝግጁ ነን። የመውሰጃ ደብተሬ አሁንም በእጄ ነው፤ ልጆቹ በራሳቸው እጅ የጻፉት ስም ከመስከረም እስከ ሰኔ እየተስተካከለ ሲሄድ ይታያል።

አዲሶቹ ልጆች መስከረም ላይ ይገባሉ። መመሪያው ከነሐሴ በፊት ቢደርሰን፣ 53ቱን መጽሐፍና ካላንደር የለበሰውን አንዱን ጨምሬ፣ ካርቶኑን በመጀመሪያው አርብ በሩ አጠገብ አስቀምጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንደኛ ክፍል መምህርት
አዲስ አበባ